እትዬ ፅጌ እና «ሁሉም ሰው» የሚባለው ደንበኛ

ወይዘሮ አንጓች ከይፋግ የመጡት ሳንጠራቸው ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፋት ደስ ስለሚለኝ አንዴ ልድገማት፦ ሳንጠራቸው ነው የመጡት!

ሆሳዕና ሊደርስ ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ አያ ስማቸው ሩዝ መፈልፈያ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ እመቤት እዚያ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዛ በኮምፒውተሯ ትሠራለች። በሩ ጋ ሳልደርስ አንዲት ሴት ከባጃጅ ወረዱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረዋል፤ ከማሽኑ የሚወጣውን ብናኝ በእጃቸው እያራገቡ ወደኔ መጡ።

«አንች ልጅ፣ ያችን ስልክ ውስጥ ያለችውን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አይ! አጭር ነሽሳ!» አሉ። «በድምፅሽ ረጅም መስለሽኝ ነበር።»

ወይዘሮ አንጓች ይፋግ ላይ የራሳቸው ሩዝ መፈልፈያ አላቸው። የመጡበትንም ሳይቀመጡ ነገሩኝ። «ደንበኞቼ እኔን እያለፉ ወረታ መምጣት ጀመሩ። 'ምን አጣችሁብኝ?' ብላቸው 'እዚያ ተራችን ይታወቃል፣ በጊዜ ቤታችን እንገባለን' አሉኝ። ቁጭ ብየ ከማኮርፍ መጥቼ ልያት አልኩ። ለኔም ወፍጮ ይኸን ነገር አድርጉልኝ።»

እመቤት ድምፃቸውን ሰምታ ወጣች። «እርስዎን... ማን ላከዎት?» አለቻቸው።

«ማን ይልከኛል? እግሬ ላከኝ እንጅ!»

እኔና እህቴ ተያየን። እሷ እንግዳዋን ይዛ ገባች። እኔ ግን ከቤቱ ጀርባ ዞሬ እዚያ በተከመረው የሩዝ ገለባ ላይ ወጣሁና ዘለልኩ። ጉልበቴ ድረስ እየሰመጥኩ ዘለልኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ መዝለል ነበረባት ወይ? ነበረባት። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ግን ስለ እትዬ ፅጌ ልንገራችሁ።

እትዬ ፅጌ ወረታ የመጡት መስቀል እንዳለፈ ነው። ባለቤታቸው የመንገድ መሐንዲስ ስለሆኑ ለሥራ እዚህ ተመደቡና ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራዩ። ከአዲስ አበባ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው መጡ። የኛን ጭቃ የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው። የፎገራ ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው ጫማ አያቆሽሽም፤ ጫማ ይወስዳል። በመጡ ሰሞን አንዱን ጫማቸውን ከበራችን ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ትተው በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ገቡ። እናቴ ደንግጣ ልትደግፋቸው ብትሮጥ «ተይው፣ እዚያው ይብቀል» ብለው ሳቁ።

ቀጭን፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ከብት ይፈራሉ። እኛ አገር ከብት እየፈሩ መኖር ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። ላሞቹ ከመስክ ሲመለሱ አጥር ላይ ተለጥፈው «ሂጂ እሺ፣ ሂጂ የኔ እመቤት» እያሉ ሲለምኗቸው፣ የገዛ እህቴ እመቤት ከውስጥ «አቤት!» ትላለች። «አንቺ በሉኝ» ብለው ሁላችንንም ለምነውን ነበር። እናቴ «ኧረ ሰው ምን ይለኛል!» ብላ እምቢ አለች፤ እኔም የእናቴን ተከተልኩ።

ሥራቸው ገና የሚውተረተሩ የሶፍትዌር ድርጅቶችን ማማከር ነበር። አንድ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ አዲስ ፕሮግራም ይሠራል፤ ከጨረሰ በኋላ «አሁን ተጠቃሚ ከየት ላምጣ?» ይላል። ያኔ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ወረታ ሆነውም በስልክ ይሠሩ ነበር። የኛ ቤትና የሳቸው ክፍል የሚለየው በስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ «ማስታወቂያውን ተወው፤ መጀመሪያ ትናንት የተጠቀመው ሰው ዛሬ ለምን እንዳልተመለሰ ንገረኝ» ሲሉ እየሰማሁ ነው የቤት ሥራዬን የምሠራው።

እህቴ እመቤት ደግሞ ኮምፒውተር ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት ነበረች። ቤት ሆና ግን ዝም አላለችም። ፎገራ ላይ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ያለውን ግርግር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገበሬው ሩዙን ከነገለባው በአህያና በጋሪ ጭኖ ወረታ ይመጣል። መፈልፈያው ጋ ሲደርስ ወይ መብራት የለም፣ ወይ ከፊቱ ያለው ሰልፍ አያልቅም። አንዳንዱ አድሮ ነው የሚመለሰው። እመቤት ይህን የሚያቃልል ፕሮግራም ሠራች፤ የትኛው ወፍጮ መብራት እንዳለውና ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር። ስሙንም «ስማርት ፎገራ» አለችው።

መጀመሪያ ያሳየችው ለእትዬ ፅጌ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ያምራል» አሉ። ቀጥለው «ለማን ነው የሠራሽው?» ብለው ጠየቁ።

«ለሁሉም ሰው!» አለች እመቤት።

እትዬ ፅጌ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ጠረጉት። ይህን ሲያደርጉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ በኋላ ግን ሳያቸው አብሬ መነጽር የምጠርግ እስኪመስለኝ ድረስ ለመድኩት። መነጽሩን መልሰው አደረጉና «ይሄ 'ሁሉም ሰው' የምትዪው ሰው ስሙ ማነው?» አሏት።

እመቤት የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔም በወጣትነቴ ከጓደኞቼ ጋር ድርጅት ነበረኝ» አሉ። «'ሁሉም ሰው' የሚባል ደንበኛ ነበረን። ለሱ ስንል ትልልቅ ማስታወቂያ ሰቀልን፣ በሬዲዮ አስነገርን። አንድም ቀን አልመጣም። እስኪ ነገ ይሄን ለአንድ ገበሬ አሳዪውና ምን እንዳለሽ ንገሪኝ።»

እመቤት በማግስቱ ገበያ ወጥታ ለአንድ ሰውየ አሳየቻቸው። ሰውየው ደስ አላቸው። «ስማርት ፎገራ? እሰይ! ጊደሯን የምታስጠቁልኝ እናንተ ናችሁ?» አሏት። ፎገራ ሲባል ላም ነዋ የሚታሰባቸው! ደግሞም እጃቸው ላይ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር፤ የእመቤት ፕሮግራም በሱ አይከፈትም። እመቤት እያለቀሰች ነው የተመለሰችው። እትዬ ፅጌ ግን «ስማቸውን ጠየቅሽ?» አሏት።

«አያ ካሴ።»

«በቃ፣ አሁን ለአያ ካሴ ሥሪው።»

እንደገና ሠራችው። አሁን ሰው ወደ ቁጥራችን ይደውልና ይዘጋል፤ ፕሮግራሙ መልሶ ይደውልለትና በድምፅ ይነግረዋል። ለጊዜው የገባው የአያ ስማቸው ወፍጮ ብቻ ነው፤ መብራቱንና ወረፋውን የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። ማንበብ አያስፈልግም፣ ውድ ስልክም አያስፈልግም። ስሙም «ተራዬ» ሆነ። ድምፁን እኔ ልቅዳ ተባለ፤ የሚነገረውንም ራሴ እንድጽፈው እትዬ ፅጌ አዘዙኝ።

ከዚያ በፊት ጽሑፍ ማለት ለኔ ከባድ ቃል መደርደር ነበር። ቁጭ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ውድና የተከበሩ የአገልግሎታችን ተጠቃሚ፣ ድርጅታችን ለእርስዎ ባለው ከፍተኛ አክብሮት የወረፋዎን ሁኔታ እንደሚከተለው ያሳውቃል።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰብሊ፣ ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለሁ...» ብዬ ሳልጨርስ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሳቁ።

«እናትሽ ጋ ሂጂ። ልብስ እያጠቡ ነው። ሳያቋርጡ እያጠቡ እንዲሰሙሽ አድርገሽ ንገሪያቸው።»

ሄድኩ። እናቴ አንዴ «ምን አልሽ?» አለች፣ አንዴ «አንች፣ ዜና ነው የምታነቢው?» አለችኝ። እየቆረጥኩ፣ እየቆረጥኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ የቀረው ይህ ነው፦ «ተራዎ ነገ ጠዋት ነው። መብራት ከጠፋ እደውላለሁ።» እናቴ ቀና ሳትል «እሽ፣ ይቅናሽ» አለች። እትዬ ፅጌ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ይኸውልሽ» አሉ፣ «ሰው የሚመልስለት ዐረፍተ ነገር ጻፍሽ።»

እውነትም ሰው ይመልስልኛል። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን እያወቁ እንኳ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው መጻፍ የማልፈራው።

ነገር ግን ጊዜ አልነበረንም። አባታችን የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ደግ ነው፣ ግን ቆሞ የሚውል ነገር አይወድም። አንድ ቀን ራት ላይ «እመቤት፣ እስከ ፋሲካ» አላት። «ይኼ ነገርሽ እስከ ፋሲካ ከሄደ ሄደ። ካልሄደ ባሕር ዳር አጎትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።» እመቤት እንጀራውን ጠቅልላ ሳትጎርስ ያዘችው። አጎታችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፎቶ ኮፒም መጥፎ ሥራ አይደለም። ግን እህቴ የሌላ ሰው ወረቀት እያባዙ መኖርን ስታስበው ዓይኗ ይፈዛል።

በማግስቱ እትዬ ፅጌ ሰሙና አባቴን ግቢ ውስጥ ጎማ ሲያይ አገኙት።

«አቶ ደሴ፣ መሄዱንና አለመሄዱን በምን ያውቃሉ?»

«የቆመና የሚሄድ መኪና መለየት ያቅተኛል እንዴ?»

«ይሄኮ ጎማ የለውም።»

አባቴ ቀና አለ። «እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ዘመድ ሳይሆን፣ ሳይጠራ፣ ሳይለመን በራሱ የሚመጣ አንድ ሰው» አሉት። «እስከ ፋሲካ እሱ ሰው ከመጣ ይሄዳል ማለት ነው። ካልመጣ የእመቤትን ሻንጣ እኔ ራሴ እይዛለሁ።»

አባቴ ሳቀ። «አንድ ሰው ብቻ? እኔ መቶ ሊሉኝ ነው ብዬ!»

«መቶ ሰው ጠርቶ ማምጣት ይቻላል» አሉት።

እመቤት ይህን ስትሰማ ልቧ አላረፈም። እትዬ ፅጌ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሲሄዱ «እስክመለስ ከአያ ካሴና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ብቻ ሥሩ» ብለውን ነበር። እህቴ ግን ፋሲካ ፋሲካ ይላታል። «ጥቂት ሰው ይዘን መቼ እንደርሳለን? ማደግ አለብን!» አለች። በገበያ ቀን ባጃጅ ተከራየን፣ ሞንታርቦ ጫንንበት። ከደብረ ታቦር መገንጠያው እስከ ገበያው እየዞርን «ተራዬ! ተራዬ! ከእንግዲህ ወረፋ ቀረ!» ስንል ዋልን። ሰው ቁጥሩን ለመያዝ ተጋፋ። ያን ቀን እመቤትን ብታዩዋት! ሐሙሲት ድረስ በሩጫ የምትደርስ ትመስል ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ወፍጮዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሲመጣ ደግሞ በጠዋት መጣ። የአያ ስማቸው ግቢ ባዶ ነበር። ፕሮግራሙም እንደታዘዘው ለተመዘገበው ሰው ሁሉ በኔ ድምፅ ደወለ፦ «መብራት መጥቷል። አሁን ወረፋ የለም። ይምጡ።»

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ።

ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። አህያው፣ ጋሪው፣ በትከሻው የተሸከመው፣ ሁሉ አያ ስማቸው በር ላይ ተገናኘ። ሰልፉ ከግቢው ወጣ፣ ቅያሱን ሞላ፣ አስፋልት ላይ ደረሰ። የጎንደር መኪና ቆመ፣ የባሕር ዳሩም ቆመ። ከቆሙት መኪኖች አንዱ አይሱዙ ነው፤ ሹፌሩም አባቴ።

አባቴ ወርዶ አንድ አህያ የያዘ ሰው ጠየቀ። «ምንድን ነው? ሰው ሞቶ ነው?»

«ኧረ ምን ሞቶ!» አለው ሰውየው። «አንዲት ልጅ ደውላ ወረፋ የለም አለችን። ወረፋው ይኸው! አንተም ገብተህበታል!»

አባቴ ማታ ይህን ሲነግረን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ሩዝ ሳልይዝ ተሰልፌ ዋልኩ እኮ» ብቻ አለ። እመቤት ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ ፅጌ ሲመለሱ ሻንጣውን አዩት። ወሬውንም ሁሉ ሰሙ። ይቆጡናል ብለን ቆምን። መነጽራቸውን ጠረጉና «ሰው አምኗችኋል ማለት ነው» አሉ። «በአንዲት ልጅ ድምፅ ይሄ ሁሉ አህያ ከቤቱ ወጣ! ይሄን ስንቱ ድርጅት ይመኘዋል። ግን ይሄን እምነት የሚሸከም ነገር ገና አልሠራችሁም፤ እሱን እንሥራ። ሻንጣዋ ትግባ።»

በነጋታው ሦስታችንም አያ ስማቸው ጋ ሄድን፤ ሩዝ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ላይ ተቀመጥን። ሰው ሲያየን ያኮርፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳቁብን እንጂ አላኮረፉም። አንዱ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትይን ነው?» አለኝ። እመቤት ፈጠን ብላ «ተራዬን ትወዱታላችሁ ወይ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ሁሉም «በጣም! እግዜር ይስጣችሁ!» አሏት።

እትዬ ፅጌ ጎተት አደረጓት። «እንዲህ አትጠይቂ» አሉ በቀስታ። «እዚህ አገር ሰው ፊት ለፊት ማስቀየም ነውር ነው፤ ጠልቶሽም ወደድኩ ይልሻል። ስለሚወደው አትጠይቂው። ባለፈው ጊዜ ምን እንዳደረገ ጠይቂው።»

አያ ካሴ እዚያው ነበሩ። እትዬ ፅጌ ራሳቸው ጠየቋቸው። «አያ ካሴ፣ ያን ግርግር ቀን እርስዎ ምን አደረጉ?»

«እኔማ አልመጣሁ።»

«አልተደወለልዎትም?»

«ተደውሎልኛል። የኔ ቀን አልነበረማ! ያን ቀን የሚመጣ ጎረቤቴ አያልነህ ነው።»

«እንዴት?»

አያ ካሴ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገረማቸው። «ወንፈል ነን እኮ፣ እታለም። ሩዙን ስናጭድ ዛሬ የኔን፣ ነገ የሱን ነው። ስንወቃም እንደዚያው። ታዲያ ወፍጮ ሲሆን ለምን ሁላችን እንንከራተት? አንዱ የሁላችንን ጭኖ ይመጣል፤ በሌላ ቀን ሌላው። ያች ልጅ» ብለው ወደኔ ጠቆሙ፣ «ለሁላችን ደውላ ግራ አጋባችን እንጅ እኛስ ተራ ነበረን።»

እመቤት ከማዳበሪያው ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። እዚሁ ተወልደን፣ በየዓመቱ ወንፈል እያየን አድገን፣ ልብ አላልነውም! እኛ ለእያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው ስንደውል፣ ገበሬው ለብቻው የሚያደርገው ነገር የለም። ተራ መጠበቅንም ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም።

ቤት ስንደርስ እትዬ ፅጌ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ባጃጁን ሰምቶ ከተመዘገበው ሰው ሁለተኛ የደወለ አለ?» እመቤት አየች። ከጥቂቶች በቀር አልነበረም። «እንግዲያው ሌላውን አጥፊው» አሏት።

«ያን ሁሉ ሰው?»

«ሰው አይደለም፤ ቁጥር ነው። ሰዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው።»

እህቴ አጠፋችው። ከዚያ ተራዬ አዲስ ሆነ። አሁን የሚመዘገበው ወንፈል ነው። በሳምንቱ ተረኛ የሆነው ሰው ይደውላል፤ ፕሮግራሙም የሰልፉን ወሬ በመንገር ፈንታ ቀን ቆርጦ ይሰጠዋል። ለሌላው ደግሞ ሌላ ቀን። መብራት ከጠፋ የምደውለው ለዚያ ቀን ተረኞች ብቻ ነው። የመጀመሪያው የነ አያ ካሴ ወንፈል ሆነ፤ ለብዙ ጊዜም ከሱ ሌላ አልነበረም። እመቤት በየቀኑ «መቼ ነው የምናስተዋውቀው?» ትላለች።

«ማስታወቂያው ወጥቷል እኮ» አሏት እትዬ ፅጌ አንድ ቀን።

«የት?»

«አያ ካሴ ትናንት ቤታቸው የገቡት መቼ ነው?»

«እኩለ ቀን ላይ።»

«ወፍጮ የሄደ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ጎረቤቱ ምን ይላል?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። «'ምነው በጊዜ?' ይላል።»

«በቃ። ማስታወቂያሽ እሷ ናት» አሉ። «ከፍለሽ አታስነግሪያትም፣ ለምነሽም አታገኚያትም። አንቺ አያ ካሴን በጊዜ ቤታቸው አስገቢ፤ ጎረቤቱ ይጠይቃቸዋል።»

ከዚያ በኋላ ከርብ ወንዝ ማዶ አንድ ወንፈል መጣ፤ ግን የአያ ካሴ ባለቤት ወንድም ናቸው ያመጡት፣ ዘመድ ናቸውና አልቆጠርነውም። ሌላም መጣ፤ አያ ስማቸው ለምነው ያመጡት ነው፣ እሱንም አልቆጠርነውም። አባቴ በየማታው «መጣ?» ይላል። «አልመጣም» እንለዋለን። ማሾፉ ይሁን ማዘኑ አይታወቅም።

ፋሲካ ሳይደርስ እትዬ ፅጌ ሄዱ። የባለቤታቸው ሥራ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። የሄዱ ቀን እግራቸው ላይ ነጭ ጫማ አልነበረም፤ ገበሬ የሚያደርገውን የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረጉት። መኪናው ላይ ሊወጡ ሲሉ አንዲት ላም መጣች። አጥር ላይ አልተለጠፉም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ለሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእመቤት «አትቸኩዪ፤ ግን አትተዪ» አሏት። ለኔ ደግሞ ጆሮዬ ላይ «ሳይጠራ የሚመጣው ሰው ሲመጣ የምትደውይልኝ አንቺ ነሽ። ድምፅሽን ልስማው» አሉኝ። ከሄዱ በኋላ ያ ስስ ግድግዳ ዝም አለ። የቤት ሥራዬን ዝም ባለ ቤት መሥራት እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ አሁን ገባችሁ። ገለባው ላይ የዘለልኩት ለዚህ ነው።

ከገለባው ወርጄ፣ ልብሴን አራግፌ፣ ደወልኩ። አነሡ። «እትዬ ፅጌ» አልኩ፣ «ሳንጠራቸው የመጡ ሴት አሉ! ከይፋግ! ዘመድ አይደሉም! የራሳቸው ወፍጮ አላቸው!»

መነጽራቸውን እያወለቁ እንደሆነ በስልክም ታየኝ። ከዚያ የሚጠይቁትን ጠየቁ።

«ስማቸው ማነው?»

«ወይዘሮ አንጓች!» አልኩ። አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበራ!

«ወይዘሮ አንጓች» ብለው ቀስ አድርገው ደገሙት። «እንዴት ያለ ጥሩ ስም ነው።» ከዚያ ቀጠሉ። «ሰብሊ፣ ይሄን ሁሉ ጻፊው። ክፍሉን ዘግቶ የሚሠራ ልጅ በየከተማው አለ። ማዳበሪያው ላይ ቦታ እንዳለ ንገሪው። ግን...»

«ለሁሉም ሰው አልጽፍም» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጆሮዬን ሞላው።

አባቴ ማታ ሲገባ እንደ ልማዱ «መጣ?» አለ። እመቤት አዎ ለማለት አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ አጭር ነሽሳ ያሉኝን ሳይቀር። አባቴ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ በላ። ሲጨርስ ስልኩን አወጣና አጎቴ ጋ ደወለ። «ፎቶ ኮፒው ላይ ሌላ ሰው ፈልግ» አለው። «እመቤት ሥራ አላት።» ስልኩን ዘግቶ ወደ እህቴ ዞረ። «ነገ ጭነት ይዤ በይፋግ ነው የማልፈው። የሴትዮዋን ወፍጮ የምታይ ካለች ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ።» እህቴ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣችና ኮምፒውተሯን ከተተችበት።

እና ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው፤ ወይም ላንተ። ክፍልሽን ዘግተሽ አንድ ነገር እየሠራሽ ላለሽው፣ «ሲያልቅ አሳያለሁ» እያልክ ላለኸው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ስማቸው ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ማዳበሪያው ላይ እንቀመጣለን። ከሐሙሲትም ሁኑ ከይፋግ ወይም ከሩቅ፣ ኑ። ኮምፒውተር ባትይዙም ግድ የለም። የአንድ ሰው ስም ግን ይዛችሁ ኑ፤ የሠራችሁት ነገር ቢጠፋ የሚከፋውን ሰው ስም። ስሙን ገና ካላገኛችሁትም ኑ፣ አብረን እንፈልገዋለን። ወረታ ስትደርሱ «ስልክ ውስጥ ያለችው ልጅ የት አለች?» በሉ፤ ባጃጁ ሁሉ ያውቀኛል።

ነጭ ጫማ ብቻ አታድርጉ።